ሜዳው ባዶ ነው ያለው ማን ነው?

አንድ መጽሐፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኞቻችን መጽሐፉን ከድነን ለባለቤቱ እንመልሳለን፤ ቢበዛ «ግሩም ነው» ወይም «እንቅልፍ ያመጣል» ብለን ለጓደኛችን እንነግርና ነገሩ በዚያው ያበቃል። ደራሲው ተናጋሪ፥ እኛ ደግሞ አዳማጭ ብቻ ሆነን እንቀራለን ማለት ነው። በዛሬው ዓምዴ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን በዚህ ስላልተወሰኑ አንባቢዎች ነው። ካነበቡት ገጽ ላይ አንዲት ቃል ነቅሰው አውጥተው፥ «ይህች ቃል እውነት አይደለችም» ስላሉ አንባቢዎች።

ጉዳዩ ሲጀምር ከነገሌ ቦረና እጅግ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ ታገሡኝ፥ ወደ ደጃችን ይመጣል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ሎራ ኢንግልስ ዋይልደር የተባሉ አሜሪካዊት ወይዘሮ የልጅነት ትዝታቸውን መሠረት አድርገው አንድ ልብ ወለድ አሳተሙ። የመጽሐፉ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ትንሿ ቤት በሜዳ ላይ» እንደ ማለት ነው። አባት፥ እናትና ልጆች ዕቃቸውን በፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ጭነው ካንሳስ ወደሚባለው የሣር አገር ይሄዳሉ። አባትየው ግንድ ጠርቦ ቤት ይሠራል፤ ጕድጓድ ይቈፍራል፤ ቤተሰቡ በሙሉ በወባ ተይዞ ይወድቃል፤ ተኵላ በሌሊት ቤቱን ይከባል፤ የሣር ቃጠሎ ከሩቅ እየነደደ ይመጣል። አባትየው ማታ ማታ ቫዮሊኑን ያነሣል። ደስ የሚል መጽሐፍ ነው፤ ዛሬም ድረስ በብዙ አገር ይነበባል።

ዳሩ ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለዚያ ሜዳ የተጻፈው ነገር፥ አገሩ ሰው የሌለበት፥ የሚኖሩበትም ሕንዶች ብቻ እንደ ሆኑ የሚያስረዳ ነበር። እስቲ አስተውሉት! ሕንዶቹ ከሰው ቍጥር ገብተው ቢሆን ኖሮ፥ ሰው የሌለበት ባልተባለም ነበር። መጽሐፉ አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ሁኔታ ሲነበብ፥ ሲመሰገን፥ ለልጆች በሽልማት ሲሰጥ ከቈየ በኋላ በ1952 ለአሳታሚው ለሃርፐር ድርጅት ከአንድ አንባቢ የቅሬታ ደብዳቤ ደረሰው። የድርጅቱ አዘጋጅ ኡርሱላ ኖርድስትሮም ነገሩን ለደራሲዋ አስታወቁ። ወይዘሮ ዋይልደር በዚያን ጊዜ የ85 ዓመት አሮጊት ነበሩ። «ማን ነው እኔን የሚያርመኝ?» አላሉም፤ ቃሉ እንዲታረም ፈቀዱ። በ1953 በወጣው አዲስ እትም «ሰው» የምትለው ቃል ወጥታ «ሰፋሪ» የምትለው ገባች። አገሩ ሰው የሌለበት መሆኑ ቀርቶ ሰፋሪ የሌለበት ሆነ። ይህ እውነት ነው፤ ያኛው ግን እውነት አልነበረም።

የታሪኩን ሥር መርምረን ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። የደራሲዋ ቤተሰብ ወደ ካንሳስ የሄደው በ1869 ሲሆን ልጅቱ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። ቤታቸውን የሠሩበት መሬት ኦሴጅ ለሚባለው ሕዝብ በውል ተከልሎ የተተወ ነበር። ሰፋሪዎቹ የገቡት መሬቱ በሕግ ሳይለቀቅላቸው ነው። ቤተሰቡ በ1871 ከዚያ ወጣ። የኦሴጅ ሕዝብ ግን ርስቱን ለቅቆ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምትባለው አገር ሄደ። እንግዲህ «ሰው የለም» የምትለው አነጋገር በመጽሐፍ ላይ ስትሆን ትንሽ ትመስላለች፤ በምድር ላይ ስትሆን ግን የአንድ ሕዝብን መፈናቀል የምታህል ናት።

የዚህን መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፎች በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ አነበብሁላቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የአርብቶ አደር ልጆች ናቸው፤ ሜዳ፥ ሣር፥ ድርቅና ከብት እኔ ሳልሆን እነርሱ የሚያስተምሩት ትምህርት ነው። ያሰቡት ነገር እኔ ከጠበቅሁት ሁሉ የተለየ ሆኖ አገኘሁት።

ስለ ጕድጓዱ ያለውን ምዕራፍ ስናነብ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፥ «መምህር፥ ከመቈፈሩ በፊት ማንን አስፈቀደ?» ስትል ጠየቀችኝ። በመጽሐፉ አባትየው ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ሆኖ ቤቱ አጠገብ ይቈፍራል። ጎረቤቱ አየሩን በሻማ ሳይፈትን ወርዶ በመጥፎ አየር ሊሞት ሲል በገመድ ተስቦ ይድናል። የእኔ ሐሳብ በሻማውና በገመዱ ላይ ነበር። የልጅቱ ሐሳብ ግን በባለቤቱ ላይ ነበር። በቦረና ጥልቁ ጕድጓድ፥ ማለት ኤላው፥ ያለ ባለቤትና ያለ ሥርዓት አይገኝም። መጀመሪያ የቈፈረው ሰው ዘር «ኮንፊ» ይባላል። የየቀኑን የመጠጫ ተራ የሚያስከብረው ደግሞ «አባ ሄሬጋ» ነው። የማን ከብት ቀድሞ ይጠጣል፥ እንግዳስ ቢመጣ ምን ይደረግለታል የሚለው ሁሉ ተመክሮበት ያለቀ ነገር ነው። በድሬ በኩል በዘጠኙ ቱላ ጕድጓዶች ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ እርከን እርከን ሆነው ቆመው፥ ውኃውን በዜማ እየተቀባበሉ ከጥልቁ ያወጡታል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ያደገች ልጅ፥ አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ ማንንም ሳይጠይቅ ሲቈፍር ብታይ ብትደነቅ ምን ይገርማል?

ሌላው ተማሪ የሣሩን ቃጠሎ አነሣ። በመጽሐፉ ከሰፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ሕንዶቹ ሊያባርሩን እሳት ለቀቁብን ብለው ይጠረጥራሉ፤ አባትየው ግን ሕንዶቹ አዲስ ሣር ቶሎ እንዲበቅል ሜዳውን ማቃጠል የቈየ ልማዳቸው መሆኑን ያውቃል። ተማሪው ፈገግ ብሎ «አያቴም ይህንኑ ይላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የቦረና ሽማግሎች ሜዳውን በጊዜው በእሳት እየጠረጉ ቍጥቋጦ እንዳይወርሰው ያደርጉ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ብዙ የግጦሽ መሬት በእሾህ ቍጥቋጦ ተይዟል። የሊበንም ሜዳ በቍጥቋጦ፥ በእርሻና በግጦሽ ብዛት እየጠበበ ሄዷል። በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ ከቀሩት ወፎች አንዷ የምትኖረው በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ በሊበን ስምም ትጠራለች።

ሦስተኛው ተማሪ ደግሞ ቤተሰቡ ብቻውን በመሆኑ አዘነ። «እነዚህ ሰዎች ዘመድ የላቸውም ወይ? ከብታቸው ቢያልቅ ማን ይሰጣቸዋል?» አለ። በእርሱ አገር ቤተሰብ ማለት አንድ ጎጆ አይደለም። ብዙ ጎጆዎች በአንድነት የሚሰፍሩበት ኦላ አለ። የሚታለቡት ላሞች ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር በመንደር ሲቀሩ «ዋራ» ይባላሉ፤ የቀሩትን ደግሞ ወጣቶቹ ሣርና ውኃ ፍለጋ ርቀው ይነዷቸዋል፥ ይህም «ፎራ» ይባላል። ከብቱ በድርቅ ያለቀበት ሰው ደግሞ «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ከዘመዶቹ ከብት ይሰጠዋል። እንግዲህ አንባቢዎቼ፥ ልብ በሉ! ልጆቹ መጽሐፉን አልናቁትም፤ እንዲያውም «ይቀጥል» እያሉ ደወል እስኪደወል አላስወጡኝም። ነገር ግን የራሳቸውን አገር እየለኩበት ሰሙት።

ወደ ራሳችን ልብ ወለድ እንምጣ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአማርኛ ከተጻፉት የቤተሰብ ታሪኮች ሁሉ አንባቢን እንደዚያ ያነጋገረ የለም ቢባል ብዙ ሰው አይቃወምም። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንኳ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰምቶ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አውቋቸዋል። ጉዱ ካሣ የሚለው ስም ራሱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሰው አፍ ገብቷል፤ ልማድን የሚነቅፍ ሰው ሲገኝ «ጉዱ ካሣ» ይባላል።

መጽሐፉ የጎጃም ነው። ማንኩሳ፥ ዲማ፥ ርስትና ጕልት፥ ዜማና ቅኔ ናቸው ዓለሙ። ታዲያ የቈላ ልጆች ምን አገኙበት? በከተማችን ያሉ ከደጋ የመጡ ወጣት ሠራተኞች ሲያወሩት የሚያለቅሱት በሰብለ ወንጌል ነው። ተማሪዎቼ ግን በሌላ ቦታ ቆሙ።

አንደኛው ጥያቄ ስለ ጋብቻ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለዘርና ለማዕረግ እኩያ ካልሆነ አልሰጥም ማለታቸውን ሲሰሙ፥ «እኛም ዘንድ እኮ ይቈጠራል» አሉ። ቦረና ሰቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ወገኖች የተከፈለ ነው፤ የሰቦ ልጅ ከጎና እንጂ ከሰቦ አያገባም። ነገር ግን አንድ ልጅ ልዩነቱን በደንብ አድርጎ አስረዳ። «የእኛ ቈጠራ ከሌላው ወገን ጋር እንድንዛመድ ያደርገናል፤ የፊታውራሪው ቈጠራ ግን ከሌላው እንዳይዛመዱ የሚያደርግ ነው» አለ። ይህን ያህል የጠለቀ ትችት ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አፍ ይወጣል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ስለቱ ነበር። የበዛብህ እናት ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ብለው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ተሳሉት። ልጁ ካደገ በኋላ ስለቱ እግሩን ያሰረው ሰንሰለት ሆነ። ክፍሉ በሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ያልጠየቁትን ልጅ ቃል ማሰር በደል ነው» አለ። ሌላው ግማሽ «እናቱ ባትሳል በሕይወትም ባልኖረ ነበር» ሲል ተከራከረ። ክርክሩን ለመፍረድ አልሞከርሁም፤ እናንተም፥ አንባቢዎቼ፥ እቤታችሁ ተከራከሩበት።

ሦስተኛው ጥያቄ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ ስለ ተነሡበት ክፍል ነበር። «ጠመንጃ ከማንሣታቸው በፊት የሚሰበሰቡበት ጉባኤ አልነበራቸውም?» ተባልሁ። ቦረና በየስምንት ዓመቱ ጋዮ በሚባለው ስፍራ «ጉሚ ጋዮ» የሚባለውን ታላቅ ጉባኤ ይቀመጣል፤ ሕጉን ይመረምራል፥ ያሻሽላል፥ ክርክር ያያል። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ስለዚሁ ሥርዓት የጻፉት «ገዳ» የተባለው መጽሐፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ታትሟል፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2016 ገዳን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ የዋህነት አይደለም። አንዱ ሥርዓት ሌላውን ሲጠይቀው ነው የሰማሁት።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ የሚያነሣውን ተቃውሞ ላቅርብላችሁ። «ልብ ወለድ የመሬት መዝገብ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ጎጃም ጻፉ፤ ስለ ሊበን ለምን አልጻፉም ብሎ መውቀስ የማይገባ ነው» ይላል። በዚህ እስማማለሁ። ደራሲ የሚያውቀውን አገር ይጽፋል፤ ጎጃምን እሰጣችኋለሁ ብለው ጎጃምን አሟልተው ሰጥተውናል። ነገር ግን ስለ አንድ አገር አለመጻፍና አገሩን ባዶ ነው ብሎ መጻፍ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዝምታ ነው፤ ሁለተኛው ምስክርነት ነው፥ ያውም የሐሰት።

ይህ ምስክርነት ደግሞ በልብ ወለድ ብቻ የሚገኝ አይምሰላችሁ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጹ፥ በማንም ሰው ስም ያልተያዘ ንብረት፥ ከዚህም ጋር ደንና የግጦሽ መሬት ሁሉ የመንግሥት ይዞታ እንዲሆን ይደነግግ ነበር። እስቲ ይህን ከሜዳው ላይ ሆናችሁ አንብቡት! አባቶቹ ከጥንት ጀምረው ከብት ያሰማሩበት፥ ጕድጓዱን በስም የሚያውቀው፥ የዝናሙን ወራት የሚቈጥርበት ሰው ወረቀት ስላልያዘ ባለቤት አልሆነም። ብዙ ዘመን አልፎ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ አርብቶ አደሩ የግጦሽና የእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለ መፈናቀል መብት እንዳለው አሰፈረ። ሕግ መጻፉ ብቻ ነገሩን አይፈጽመውም፤ ግን የተጻፈው ቃል መለወጡ ቀላል ነገር አይደለም። «ዘላን» የሚለውም ቃል ከመሥሪያ ቤት ወረቀት እየወጣ «አርብቶ አደር» በሚለው የተተካው እንዲሁ በከንቱ አይደለም። ያለ ሥራ የሚዞር ሰውና ከብት አርብቶ የሚያድር ሰው አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባምና ነው።

አሁን ነገሬን ወደ እናንተ፥ ወደ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አቀርባለሁ። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ወደ ፊልቱ፥ ወደ ዋደራ፥ ወደ ሞያሌ ወይም ወደ ዶሎ ትመደባላችሁ። ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ብዕራችሁ «ሰው የማይኖርበት ሜዳ»፥ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ብሎ ሊጽፍ ሲል ያዙት! መንደሩ የሌለው ሰዎቹ ስለሌሉ ነው ወይስ ወራቱ የፎራ ወራት ስለሆነ? መሬቱ የከረመው የሚፈልገው ጠፍቶ ነው ወይስ ለበጋ ተብሎ በሽማግሎች ትእዛዝ ተከልክሎ ነው? አንድ ሽማግሌ ጠይቃችሁ ሁለት መስመር ብትጨምሩ ወረቀቱ አይከብድም። ሳትጠይቁ የጻፋችኋት አንዲት መስመር ግን በሌላ ጠረጴዛ ላይ በማኅተም ጸንታ የሰው መሬት ልትወስድ ትችላለች። ወይዘሮ ዋይልደር ቃላቸውን በአዲስ እትም አርመዋል፤ የቢሮ ሪፖርት ግን ሁለተኛ እትም የለውም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። የአሜሪካው ነገር በ1953 እርማት አላበቃም። በ1954 በደራሲዋ ስም የተቋቋመው የልጆች መጻሕፍት ሽልማት በ2018 ስሙ ተለወጠ። ግማሹ አንባቢ «ተገቢ ነው» ሲል፥ ግማሹ «የልጅነታችንን መጽሐፍ አዋረዳችሁት» ብሎ ተቈጣ። እኔ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ ግን ሦስተኛው መልስ ነው። ከኦጂብዌ ሕዝብ የሚወለዱት ደራሲ ሉዊዝ ኤርድሪክ በ1999 «የበርች ቅርፊት ቤት» የሚል የልጆች ልብ ወለድ አሳተሙ። በውስጡ ያለችው ልጅ ኦጂብዌ ናት፤ ዘመኑ 1847 ነው፤ አባትና እናት፥ አያትና ወንድም፥ የክረምት ረኃብና የፈንጣጣ በሽታ አለበት። ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ ለትንሿ ቤት እንደ ተሰጠ መልስ አድርጎ ያነበዋል። የመጀመሪያው መጽሐፍ አልተቃጠለም፤ ከጎኑ ሌላ ቆመ እንጂ። ከሜዳው ማዶ የነበረው ቤትም መብራቱ ታየ።

የእኛስ? በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የአንድ የሊበን ቤተሰብ ታሪክ የሚናገር ልብ ወለድ ብፈልግ አላገኘሁም። የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ ግን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በጥር ወር የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በገናሌ በኩል ወግቶ ነገሌ ሲገባ ያዩ ቤተሰቦች ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. በዚሁ ወር በነገሌ የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተነሥተው አለቆቻቸውን ያዙ፤ የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው ነበር። የዚያን ዓመት የኢትዮጵያን አብዮት የሚተርኩ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። አንድ መንግሥት የወደቀበት ዓመት በአንድ ጕድጓድ ጠብ ጀመረ ማለት ነው! ውኃ መካፈልን ሕግ ያደረገ ሕዝብ በሚኖርበት አገር ላይ ውኃ መከልከል ምን እንዳስከተለ የሚያሳይ ልብ ወለድ ቢጻፍ ማን ነው የማያነበው?

ስለዚህ በዚህ የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ደብተር ያዙ። አያቶቻችሁን ጠይቁ። የጕድጓዱን ስም፥ የቈፈረውን ሰው ስም፥ በክፉው ድርቅ ያለቁትን ከብቶች፥ በቡሳ ጎኖፋ የተሰጠችውን የመጀመሪያ ጊደር፥ ሙሽራዪቱ ከየት ኦላ እንደ መጣች ጻፉ። በአማርኛ የሚቀናችሁ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ ወይም በሱማልኛ የሚቀናችሁ በዚያው ጻፉ፤ ሊበን የሚለው ስም ዛሬ በኦሮሚያም በሱማሌ ክልልም የሚጠራ ነውና ታሪኩ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይወሰንም። አያቶች ደግሞ እንደ ቤተ መጻሕፍት በር ሰዓት ጠብቀው አይዘጉም፤ አንድ ቀን ብቻ ይዘጉና አይከፈቱም።

ለሚቀጥለው ሳምንት ዓምዴ ከእናንተ ደብዳቤ እጠብቃለሁ። ካነበባችሁት መጽሐፍ ውስጥ እናንተን ወይም አገራችሁን «የለም» ያለባት መስመር ካለች፥ መጽሐፉን፥ ገጹንና የሚገባውን ቃል ጽፋችሁ ላኩልኝ። ስድብ አትጻፉ፤ ማስረጃ ጻፉ። በ1952 ያ አንባቢ የላከውም አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ደኅና ሰንብቱ።